ከአንገቴ ሥር ያበጠው ነገር

ያ እብጠት እስኪወጣብኝ ድረስ ራሴን የማይታመም ሰው አድርጌ ነበር የማውቀው። ጓደኞቼ «ስኳር ጀመረኝ»፣ «ግፊቴ ከፍ አለ» ሲሉ አዝንላቸዋለሁ፤ ግን የእኔ ጉዳይ አይመስለኝም። ሃምሳን ተሻግሬም የማቀዝቀዣ ሞተር በትከሻዬ ተሸክሜ ደረጃ እወጣ ነበር። ስሜ ግርማ ይባላል። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነኝ። እኛ እዚህ «ክሊም» ነው የምንለው። ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ ሲነሳ ክሊም የሚጠግን ሰው ከሐኪም እኩል ይፈለጋል። ከሀራሙስ የአንድ ቪላ ዘበኛ ይደውላል፤ የእሱን ሳልጨርስ ከቡላኦስ አንድ ባለሱቅ «ግርማ፣ ተቀቀልን እኮ!» እያለ ይጮሃል። ውሃ መጠጣት ትዝ የሚለኝ ሲመሽ ነው። ቀን ቀን በየደረስኩበት ቤት የሚሰጡኝን ቀዝቃዛ ለስላሳ እየጨለጥኩ እውላለሁ።

ስለ ቤተሰቤ ትንሽ ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። አባታችን የባቡር ሠራተኛ ነበር። እኔና ታላቅ ወንድሜ ስዩም ያደግነው እዚሁ ካርቲዬ ሁለት የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። ስዩም ጎረምሳ ሳለ ድሬዳዋ፣ የባቡር ጥገና ክፍል ገባ፤ እዚያው አገባ፣ እዚያው ወለደ፣ እዚያው ቀረ። አባታችንም ጡረታ ሲወጣ ወደ ድሬዳዋ ሄዶ እዚያ አረፈ። እናታችን ግን ከጅቡቲ ንቅንቅ አልል አለች። ከእኔና ከባለቤቴ ከሙሉ ጋር ኖራ፣ በከባድ ሙቀት ወር በድንገት አረፈች።

ስዩም በስልክ «አባታችን አጠገብ ነው የምትቀበረው፤ አምጣት» አለኝ። እኔ ደግሞ በዚያ ሙቀት አስከሬን ይዤ ድንበር መሻገር አልሆነልኝም። የሰፈሩ ሰውም፣ ቄሶቹም «እዚሁ ትረፍ» አሉ፤ ቀበርናት። ስዩም ሲደርስ አፈሩ ተመልሷል። ለቀስተኛው ፊት ቆሞ «እናቴን ሳላያት ቀበርክብኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሰላምታችን በሌላ ሰው አፍ ሆነ። «ስዩም ደህና ነው አሉ»፣ «ግርማ ደህና ነው አሉ»። ስንት ዓመት እንደሄደ መቁጠሩን ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ።

አንድ ጠዋት ሸሚዝ ልለብስ ቀኝ እጄን ሳነሳ ከአንገቴ ሥር እሳት የጫሩብኝ ያህል አመመኝ። የአንገት አጥንት ከደረት አጥንት ጋር የሚገናኝባትን ቦታ ታውቋታላችሁ? ከጉሮሮ ጉድጓድ በስተጎን የምትዳሰሰው እብጥ ያለች አጥንት ናት። እሷን ነው። ከአንድ ቀን በፊት ሀራሙስ ትልቅ ሞተር አውርጄ ስለነበር «ጡንቻ ተሳስቦ ነው» አልኩ። ሙሉ በቅባት አሸችኝ። በማግስቱ እንደ ሎሚ ድቡልብል ብሎ አበጠ፤ ቆዳዬ ቀላ፤ ሲነኩት ይፋጃል። የሸሚዜ ኮሌታ ሲነካው እንኳ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ትኩሳትም ጨመረበት።

«ግርማ፣ ይሄ ጡንቻ አይደለም» አለች ሙሉ፣ መስተዋት ፊት አቁማኝ።

«ሐሙስ የአንድ ቤት ሥራ አለብኝ። እሱን ልጨርስና...»

«የሰው ቤት ስታቀዘቅዝ አንተ በቁምህ ልትቃጠል ነው? ተነስ!»

ሙሉ «ተነስ» ካለች ተነስ ነው።

የሄድንበት ክሊኒክ ያየኝ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ረጅም፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። እጁ ሳይጫነኝ ዳሰሰኝ። ደም አስመረመረኝ፤ ራጅ አስነሳኝ፤ ቀጥሎም «ስካነር» ወደሚሉት ትልቁ መሣሪያ ላከኝ። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን አስጠራኝ። ሙሉ ከውጭ ወንበር ላይ ቀርታለች። ምስሉን ወደ እኔ አዞረልኝና በብዕሩ ጫፍ አንድ ቦታ እያሳየኝ፣ እንደ አገሩ ወግ በ«አቶ» ፈንታ «ሙሴ» ብሎ ጠራኝ።

«ሙሴ ግርማ፣ ይህ አጥንት እዚህ ላይ ተበልቷል። አጠገቡ ደግሞ እብጠት አለ።»

አጥንት ተበልቷል ሲለኝ መጀመሪያ የመጣልኝ የዛገ ቧንቧ ነው። የባሕር ጨው የበላውን ብረት በየቀኑ ስለማይ፣ የተበላ ነገር እንዴት እንደሚፈረፍር አውቃለሁ።

«ምንድነው የሚበላው?»

«መግል የያዘ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። አጥንት ላይ የወጣ ቲቢም ሊሆን ይችላል። ወይም...» አለና ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ወይም ዕጢ።»

«ካንሰር ማለትዎ ነው?»

«ሳናረጋግጥ ስም አንሰጠውም። ከጀርባው ትልልቅ የደም ሥሮች ስላሉ ዝም ብዬ መክፈት አልፈልግም። በመጀመሪያ በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ያን የምትሠራው ሐኪም ከነገ በስቲያ ትመጣለች። ናሙናው በቂ ካልሆነ ግን ቀዶ ጥገና እናደርጋለን። ይዘጋጁ።»

«ይዘጋጁ» የምትለዋ ቃል በጆሮዬ ቀረች። ለምን? እንዴት ነው ሰው የሚዘጋጀው?

ስወጣ ሙሉ ብድግ አለች። «ኢንፌክሽን ነው» አልኳት። ታክሲ ሳንይዝ በእግራችን ትንሽ እንደሄድን አንድ ግድግዳ ጥላ ሥር አስቆመችኝ።

«እኔ ካንተ ጋር ስንት ዓመት ኖርኩ? ፊትህ ላይ ያለው ኢንፌክሽን አይደለም። ንገረኝ።»

ነገርኳት። አላለቀሰችም። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ፈታች፣ ጠቅልላ ፈታች። ከዚያ «ለጋሽ ስዩም ትደውላለህ» አለችኝ።

«ተይ እባክሽ ሙሉ።»

«ልለምንህ አልፈልግም። አንድ ነገር ብትሆን ያ ሰው ደግሞ አንተንም ሳያይህ ልትቀበር ነው? ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ቤት ውስጥ አይደረግም!»

እሷን ቤት አድርሼ ወደ ራስ ዲካ ሄድኩና ባሕሩ ዳር ተቀመጥኩ። ስልኬ ደጋግሞ ይጠራል፤ ክሊሙ የተበላሸበት ሰው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አላነሳሁም። ስለ ሞት አስብ ነበር ብላችሁ ውሸት ይሆናል። የማስበው ስለ ትንንሽ ነገር ነበር፤ የመሣሪያ ሳጥኔን ማን ይወስዳል? ሙሉ ብቻዋን ይህን ከተማ ትችለዋለች? ፀሐዩ ሲበርድ ስልኬን አውጥቼ ከሙሉ የተቀበልኩትን የስዩም ቁጥር ደወልኩ።

«ሃሎ» አለ። ድምፁ አባታችንን ሆኗል።

መተንፈሴን ሰምቶ ነው መሰለኝ፣ «ግርማ?» አለ።

«አቤት ወንድም ጋሼ።»

«ምን ሆንክ?»

«አሞኛል።»

ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። «በሚቀጥለው ባቡር ተሳፍሬ እመጣለሁ» አለኝ። ያ ሁሉ ዓመት የተከመረው ነገር በእነዚህ ቃላት አለቀ ብላችሁ አታምኑኝም ይሆናል። ግን እንደዚያ ነው የሆነው።

በማግስቱ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ልቀበለው ሄድኩ። ሕዝቡ ሻንጣውንና ማዳበሪያውን እየጎተተ ሲወጣ ስዩም ከኋላ ብቅ አለ። ሸብቷል። ልብሱ ንጹህ ነው፤ እግሩ ላይ ግን ክፍት ጫማ አድርጓል፤ በግራ እግሩም ያነክሳል። ሊያቅፈኝ ሲል አንገቴ ሥር ያለውን አየና እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ በጎኔ በኩል ዞሮ፣ ጤነኛውን ትከሻዬን አቅፎ ራሱን ራሴ ላይ አስደገፈ። ሰዉ እየገፋን ያልፋል።

«እግርህ ምን ሆኗል?» አልኩት ታክሲው ውስጥ።

«እኔን ተወኝ። የመጣሁት ለአንተ ነው።»

ሙሉ ለእንግዳዋ ጥብስና ሽሮ ሠርታ ጠበቀችን። ስዩም ሽሮውን ብቻ እየበላ ሥጋውን ወደ እኔ ይገፋል።

«ጋሽ ስዩም፣ አልጣፈጠዎትም?»

«ኧረ ሙሉዬ፣ እጅሽን አውቀዋለሁ። ሐኪም ነው የከለከለኝ» አለና ስለ ባቡሩ ወሬ ጀመረ። እኛም አልተከታተልነውም። የዚያ ቀን ሐሳባችን ሌላ ነበር። ስለ እናታችንም ማንም አላነሳም፤ ፎቶዋ ግን ግድግዳው ላይ ስለነበረ ስዩም ጀርባውን ሳይሰጣት ነበር የተቀመጠው።

የመርፌው ቀን ሦስታችንም ሄድን። አንድ ሰው ብቻ ይግባ ሲሉ ሙሉ ስዩምን ወደ ውስጥ ገፋችው። «እርስዎ ይግቡ። እኔ እዚህ ሆኜ እጸልያለሁ።»

ክፍሉ ቀዝቃዛና ግማሽ ጨለማ ነበር። ሐኪሟ ዶክተር ሂቦ ትባላለች፤ የአገሩ ልጅ ናት። ሻሿን በጥንቃቄ ያሰረች፣ በዕድሜ ገና ወጣት የሆነች ሴት ናት። በፈረንሳይኛ ነበር የምታነጋግረን፤ ስዩምም የባቡር ቤት ልጅ ስለሆነ ፈረንሳይኛውን ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። ቀዝቃዛ ቅባት እብጠቱ ላይ ቀባችና የመሣሪያውን እጀታ ቀስ አድርጋ አሳረፈች። ጥርሴን ነከስኩ።

መጀመሪያ ላይ ታወራኝ ነበር፤ ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ «የእኛ ቤት ክሊም ይጮሃል፤ እርስዎን ነበር የምፈልገው» ብላ አሳቀችኝ። ከዚያ ዝም አለች። ሐኪም ዝም ሲል ምን እንደሚሰማ ታውቃላችሁ። ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል እጀታውን ወዲህ ታዘነብላለች፣ ወዲያ ታዘነብላለች። ሌላኛውን፣ ያላመመኝን ጎን አየች። ወደ ታመመው ተመለሰች። መርፌው በጎኗ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ አልነካችውም።

«ዶክተር፣ መጥፎ ነው?» አልኳት።

«አንዴ ይቆዩ» አለችኝ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር ጠየቀችኝ። «ጉልበትዎን ላየው እችላለሁ?»

«ጉልበቴን? ጉልበቴ ደህና ነው እኮ!»

«ደህና ስለሆነ ነው ማየት የምፈልገው።»

ስዩምን አየሁት፤ እሱም እኔን አየኝ። ሱሪዬን ሰበሰብኩ። ጉልበቴን አጥፌ እንድይዝ አደረገችኝና እጀታውን እዚያ ላይ አሳረፈች። ቀጥላ የእግሬን አውራ ጣት አየች። ያን ጊዜ ነው ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ ያዞረችው።

«ይህ ነጭ መስመር የአጥንትዎ ፊት ነው» አለች በጣቷ እየተከተለች። «ከላዩ ያለው ጥቁር ነገር አጥንቱን የሚሸፍነው ልስልስ አካል ነው። እሱ ጥቁር ሆኖ ማለቅ አለበት። የእርስዎ ግን ከላዩ ሌላ ነጭ መስመር አለው። ያዩታል? አንድ ሰው በጠመኔ ደግሞ ያሰመረው ይመስላል።»

አየሁት። ሁለት መስመር፣ አንዱ በአንዱ ላይ።

«አንገትዎ ሥር ያለው እብጠት ውስጥ ደግሞ አሸዋ የተበተነ የመሰለ ነጭ ነገር አለ። ዕጢ እንዲህ አይመስልም። ሙሴ ግርማ፣ እኔ የምጠረጥረው ጉት ነው።»

እዚህ ላይ ለእኔ «ጉት» ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በፈረንሳይኛ ጠብታ ማለት ነው። ደንበኞቼ በየቀኑ የሚያማርሩኝ በእሱ ነው፤ ክሊማቸው ግድግዳ ላይ ውሃ ሲያንጠባጥብ። እኔም ከልቤ ደንግጬ፣ «ዶክተር፣ ውስጤ ያንጠባጥባል ማለት ነው?» አልኳት።

ሳቀች። ከስዩም በኩል ግን ሳቅ አልመጣም። ዞር ስል ግድግዳውን ይዞ ፊቱ ተለዋውጧል።

«ሪህ ነው የምትልህ!» አለኝ በአማርኛ። «ግርማ፣ ሪህ ነው እኮ! ሪህ!»

«ሪህ? ሪህ የእግር ጣት አይደል እንዴ? አንገት ላይ የወጣ ሪህ ማን ሰምቶ ያውቃል?»

ዶክተር ሂቦ የምንለው ባይገባትም ምን እንደምንባባል ገምታለች። «አብዛኛውን ጊዜ ከእግር ጣት ይጀምራል» አለች። «ግን ዩሪክ አሲድ የሚባለው ነገር በደም ውስጥ ሲበዛ እንደ ጨው እየረጋ በየትኛውም መጋጠሚያ ሊቀመጥ ይችላል። ይህኛው መጋጠሚያ ላይ ግን እኔም በመጽሐፍ እንጂ በሰው አላየሁም ነበር። የእግር ጣትዎን አሞዎት አያውቅም?»

አስታወስኩ። ከጥቂት ዓመት በፊት አውራ ጣቴ አብጦ ጫማ እምቢ ብሎኝ ነበር። የብረት ቁራጭ ወድቆበት ነው ብዬ፣ በሳምንቱ ሲተወኝ ረስቼዋለሁ።

«በቤተሰብ ውስጥስ? ሪህ ያለበት ሰው አለ?»

«የለም» አልኩ፣ ሳላስብ።

«አለ» አለ ስዩም።

ክፍት ጫማውን አወለቀ። የግራ እግሩ አውራ ጣት ሥር እንደ ባቄላ ያለ ጉብታ ወጥቶበታል። «ስድስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። መድኃኒት እወስዳለሁ። አባታችንም ጣቶቹ ተቆላልፈው ነበር የሞተው። የባቡር ብረት ነው ያጎበጣቸው እንል ነበር። የእኔን ያዩት ሐኪም ናቸው እሱም ሪህ ሳይሆን አይቀርም ያሉኝ።» ይህን ለእሷ በፈረንሳይኛ ነገራት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድም ካለህ ንገረው፣ ይመርመር ብለውኝ ነበር። ስልኩን ስንት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት መሰለህ።»

የመርፌው ጊዜ ደረሰ።

ዶክተር ሂቦ ቁርጥ አድርጋ ነገረችን። «ምስሉ ብዙ ይናገራል፤ ግን ብቻውን አይበቃኝም። ሪህም ኢንፌክሽንም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ናሙናውን መውሰዴ አይቀርም።» አደነዘዘችኝ። ስክሪኑ ላይ መርፌዋ እንደ ቀጭን ብርሃን ሆና ስትገባ አየኋት፤ ከኋላ ያሉት የደም ሥሮች እየመቱ ይታያሉ፤ እሷም ሳትነካቸው አለፈች። ስዩም እጄን ይዞኛል፤ ማን ማንን አጥብቆ እንደያዘ አላውቅም። ቱቦው ውስጥ የመጣው ደም አልነበረም፤ መግልም አልነበረም። በውሃ የተበጠበጠ ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር ነው።

ውጭ ወጥተን ጠበቅን። ለሙሉ ምን እንደምንላት አላወቅንም፤ «ምናልባት» ብቻ አልናት። ወንበሩ ላይ ስዩም ጫፍ ያዘ፣ ሙሉ መሐል፣ እኔ ሌላው ጫፍ። ማንም ስልክ አልነካም።

በሩ ሲከፈት ዶክተር ሂቦና ያ ረጅሙ ሐኪም አብረው ወጡ። ለምን ሁለት ሆነው መጡ? እሱ ነው መጀመሪያ የተናገረው።

«በአጉሊ መነጽር እኔም አይቼዋለሁ። መርፌ መርፌ የመሰሉ ክሪስታሎች ሞልተውታል። የደም ምርመራዎ ላይ ዩሪክ አሲዱ ልከኛ ስለነበር ሪህን አላሰብኩትም ነበር። በሽታው በሚነሳበት ሰዓት ግን ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ባልደረባዬ አስታወሰችኝ።» ወደ እሷ ራሱን ዝቅ አደረገ። «የኢንፌክሽንና የዕጢ ምርመራው እስኪደርስ ጥቂት ቀን እንጠብቃለን። ለዛሬ ግን ቢላዬን አስቀምጬዋለሁ።»

ሙሉ «ሪህ» የምትለውን ቃል ከእኔ አፍ እንደሰማች እዚያው ኮሪደሩ ላይ እልል ልትል አፏን ከፈተችና ሰው መኖሩ ትዝ ሲላት በነጠላዋ አፈነችው። እኔ አለቀስኩ። «ሪህ ይዞሃል» ተብሎ በደስታ ያለቀሰ ሰው ካለ አንዱ እኔ ነኝ።

በዚያው ቀን መድኃኒት ጀመርኩ። በማግስቱ ጠዋት ገና ሙቀቱ ሳይበረታ ስዩም ልብሱን ለባብሶ ቆሞ አገኘሁት።

«እማዬ ጋ ውሰደኝ» አለኝ።

መቃብሯ ጋ ስንደርስ ቆብ አውልቆ ለረጅም ጊዜ ቆመ። እኔ ራቅ ብዬ ጠበቅሁ። ሁለት አሮጊቶች የሌላ ሰው መቃብር ሊያጸዱ መጥተው ኖሮ፣ አንዷ ስዩምን ጠጋ ብላ አየችውና «አንተ የእትዬ አስካለ ልጅ አይደለህም? ቁርጥ እሷን!» አለችው። ከዚያ ተቀምጣ ስለ እናታችን ማውራት ጀመረች፤ በገበያ ዋጋ ስትከራከር በአፋርኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ እያቀላቀለች ሻጩን እንዴት ታስቀው እንደነበር። ስዩም አንዱንም አያውቅም ነበር። እየሳቀ እንባው ይወርዳል።

አሮጊቷ ስትሄድ ወደ እኔ መጣ። «እዚህ የሚያውቃት ሰው አለ» አለኝ። «ድሬ ብወስዳት ከአባታችን በቀር ማን ያውቃታል? እኔ ያን ቀን ያናደደኝ ቦታው መስሎኝ ነበር። አለመድረሴ ነው የቆጨኝ።»

«እኔም መጠበቅ ፈልጌ ነበር፤ ሙቀቱ...»

«አውቃለሁ። እዚሁ አይደል ያደግሁት? ሙቀቱን አውቀዋለሁ።»

ቆቡን መልሶ ደፋና አብረን ወደ ቤት ተመለስን።

የቀረው ውጤት ሲመጣ ስዩም ገና አልሄደም ነበር። ኢንፌክሽን የለም። ቲቢ የለም። ካንሰር የለም። እብጠቱ ቀን በቀን እየሟሸሸ ሄዶ፣ ሸሚዜን ራሴ መቆለፍ የቻልኩ ዕለት ሙሉ እንደ ሙሽራ ዞር ዞር ብላ አየችኝ። ከሳምንታት በኋላ ዩሪክ አሲዱን የሚቀንሰውን መድኃኒት ዶክተር ሂቦ ጀመረችልኝ። ከወራት በኋላ ደግሞ ያንኑ ጉልበቴን በዚያው መሣሪያ አየችው፤ በጠመኔ የተደገመው መስመር ሳስቶ፣ ቦታ ቦታ ላይ ጠፍቷል። «መድኃኒቱን ካላቋረጡ ይጠፋል» አለችኝ። ክሊሟንም ሠራሁላት፤ የሚጮኸው አንድ የላላ ብሎን ነበር።

ውድ አንባቢዎቼ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አንገታችሁ ያበጠ ሁሉ ሪህ ነው ልላችሁም አልችልም። ለአንዳንዱ ሰው ውጤቱ እንደ እኔ ደግ ሆኖ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ በዚያ ወንበር ላይ ከአጠገቤ የተቀመጡትን ሰዎች ፊት አልረሳም። ልነግራችሁ የምችለው በእኔ የደረሰውን ነው። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ሕመም ሲሰማኝ «ጡንቻ ነው» ብዬ አላልፍም። ለስላሳውን ትቼ ውሃ ይዤ እዞራለሁ። ከባዱን ሞተር ሁለት ሆነን እናነሳለን። እነዚህ ግን ትንንሾቹ ለውጦች ናቸው።

ትልቁ ይሄ ነው። በአንድ ቤት ያደጉ ሰዎች በደማቸው ውስጥ ብዙ ነገር ይጋራሉ፤ ኩርፊያ ያን አይለየውም። እኔና ወንድሜ ዝም በተባባልንበት ጊዜ ሁሉ ያው አንድ በሽታ በእሱ እግርና በእኔ አንገት ውስጥ ጨው እያከማቸ ነበር። እሱ መድኃኒቱን ያውቃል፤ እኔ መታመሜን አላውቅም። መካከላችን የነበረው አንድ የባቡር መንገድና አንድ ያልተደወለ ስልክ ነው። እናንተም የተኳረፋችሁት ሰው ካለ ማን ትክክል እንደነበር ለጊዜው ተዉት። ደውሉና መጀመሪያ ጤናውን ጠይቁት። ሲመልስላችሁ ደግሞ «ደህና ነኝ» ብሎ እንዲያልፍ አትፍቀዱለት።

ስዩም የሄደ ዕለት ናጋድ ድረስ ሸኘሁት። ባቡሩ ሊነሳ ሲል በመስኮት ጎንበስ ብሎ፣ «ለልጆቹ ምን ልበላቸው? አጎታችሁ ምን ሆኖ ነበር ቢሉኝ?» አለኝ።

«እነሱም ይመርመሩ በላቸው» አልኩት። «ደግሞም ዕረፍታቸውን እዚህ ይምጡ። ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ አጎታቸው ክሊም ይሠራል በላቸው።»